ያጠረው እግር

ሲስተር ዘነበች ናት ከማዘዣው ጫፍ ቀድዳ የሰጠችኝ፤
ኪሴ ከትቼ ወጣሁ፣ አላየሁትም እስክትሸኘኝ።
«ሐሙስ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣
ሰማያዊ በር ነው፤ ሳታንኳኳ ግባ።»
ይኸው ነው በቃ። ስም የለው፣ ታፔላ የለው፤
ጅማ ላይ ስንት ወፍጮ አለ? የቱን ከየቱ ልለየው?

እኔ ይህን ከተማ የማውቀው በሌላ ካርታ ነው፤
መታጠፊያው ሁሉ ጠጅ ቤት፣ ምልክቱ ጠርሙስ ነው።
ቤቴን ለጠየቀኝ እንኳ እንዲህ ብዬ ነው የምመራው፦
«ከድራፍት ቤቱ ዝቅ በል፣ መብራቱ ከማይበራው፣
አዌቱን ተሻገር፣ ከዘርትሁን አረቄ ቤት በስተግራው።»

ከመርካቶ ባጃጅ ያዝኩ። ዝናቡ ያካፋል።
«ወዴት ነን?» አለ ልጁ።
«ወፍጮ ቤት።»
«የትኛው?»
ዝም አልኩ። በመስታወቱ አየኝ፤
ኩንታል የለኝ፣ ቁና የለኝ፣ እጄ ብቻ ይንቀጠቀጣል።
«እህልህስ?»
«ቀድሞኛል» አልኩት።

እዩልኝ እንግዲህ ጉዴን፦
ቦይ ውስጥ አድሬ፣ ተማሪ ሲስቅብኝ ያላፈርኩ፣
ልጄ ሌንሴ እኔን ላለማየት መንገድ ስትቀይር
አይቼ እንዳላየ ያለፍኩ፣
ልድን ነው የምሄደው ለማለት
አንድ የባጃጅ ልጅ ፊት አፈርኩ።

የመጀመሪያው ወፍጮ ተዘግቷል፤ ሞተሩ ተሽጧል አሉ።
የሁለተኛው ጀርባ የበግ በረት ነው፤
በጎቹ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው ዝም አሉ።
ሦስተኛው ጋ ስደርስ እግሬ ከእኔ ቀድሞ አወቀ፤
ስንት ሌሊት የተደገፍኩት አጥር ነው፣ ከትከሻዬ የተላመደ።

«ምነው ጠፋህ!» አለች ዘርትሁን፣ መለኪያውን በቀሚሷ ወልውላ።
ጉሮሮዬ ዋጠ፣ ምንም ሳልጠጣ።
እጄ ሲዘረጋ፣ መዳፌ ውስጥ የነበረው ወረቀት ቀደመው፤
ወሰደችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጇን ጠራች፤
ልጅቱም ክፍል ውስጥ እንዳለች ቀጥ ብላ ቆማ፣
«ሐሙስ! ዐሥራ አንድ ሰዓት!» እያለች እስከ መጨረሻው አነበበች።
አግዳሚው ላይ ያሉት ሦስቱም መለኪያቸውን አስቀመጡ።
ማንም አልሳቀ።
(እኔ ብሆን እስቅ ነበር።)

ዘርትሁን ጣቷን ወደ ጓሮ ቀሰረች፤
«ከአጥሬ ወዲያ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይሰማኛል፤
አንዳንዴ ያለቅሳሉ። ሲስቁ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከእነዚህ ይብሳሉ።
ሂድ። ዱባለ የሚባል ካለ
የሰባት መለኪያ ዕዳውን ትቼለታለሁ በለው።»

በሩ ሰማያዊ ነበር፣ ቀለሙ ቢላጥም።
ስምንት ሰው፣ ዙሪያውን፣ በርጩማ ላይ። «ማነህ» ያለኝ የለም፤
አንዲት ሴትዮ ብቻ በእግሯ በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ።
ተቀመጥኩ። ወደ ግራ አዘነበልኩ።

አወቅሁት።
እንጨት ጠራቢ ነኝ። ባለ ሦስት እግር በርጩማ
ወለሉ ምንም ቢጎረብጥ አይወዛወዝም፤
አንዱ እግር ካጠረ ግን፣ ድምፅ ሳያሰማ፣
የተቀመጠበትን ሰው ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይወስደዋል።
ይህን እግር ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሞቅታ፣ ለመንደራ ነጋዴ ላስረክብ ስጣደፍ።
ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን አለ።
አንድ ሰው አስቦለታል።

ተራዬ ሲደርስ ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩት ቃል ጠፋኝ።
ስሜንም አልተናገርኩ።
«ይህን በርጩማ» አልኩ፣ «የሠራሁት እኔ ነኝ።»
ዝም።
«ሰክሬ።»
ከጥግ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አጨበጨቡ፤
«ዓመት ሙሉ እኮ የምጣመመው ከወገቤ መስሎኝ!»
ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤
አጥሩን ሳይሻገር አልቀረም።

አስተካክዬ ላምጣው ብዬ ሳነሳው ሴትዮዋ ያዘችብኝ፤
«ተወው፣ እዚሁ ይቆይ።
በሚመጣው ሐሙስ መሮህን ይዘህ ና።»

ውጭ ዝናቡ አባርቷል። እጄን አየሁት፤
ገና ይንቀጠቀጣል።
ወፍጮው ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ፦
የዱባለን መልእክት አልነገርኩም።
ለሐሙስ ይሁን።