ዘወር ብሎ አያይም

እኔ ትኬት ቀዳጅ ነኝ፣ በሲቫካሲ ከተማ፣
ከክብሪት ፋብሪካው ጀርባ ባለች አሮጌ ሲኒማ።
ወንበሬ ባለ ሦስት እግር ናት፣ እንደ ደመወዜ ታነክሳለች፤
ፊልሟን ስልሳ ጊዜ አየኋት፤ አሁንም ታስቀኛለች።

ለማታውቁን ልንገራችሁ፤ የኛ ሥራ ርችት ነው፤
ሌላው አገር ሲደግስ ሰማዩን የሚያበራው
እዚህ ነው የሚታሸገው፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣
ባሩድ በማንኪያ ሲሰፈር፣ ክር በጣት ሲቋጠር።
መዳፍ ሁሉ ብርማ ነው፤ ሳሙና አያስለቅቀው፤
ቅዳሜ ማታ በር ላይ ትኬት እየተቀበልኩ ሳየው
የኔም ጣት አብሮ ያብለጨልጫል፤
ሥራቸው ተከትሏቸው ሲኒማ ቤት ይገባል።

ፊልሟማ ምን ልበላችሁ!
ጀግናው ጢሙን ጠምዝዞ ጂፕ በእርግጫ ያነሣል፤
ጂፑ ሦስቴ ተገልብጦ ማንጎ ዛፍ ላይ ይሰፍራል።
አርባ ወሮበላ ይከበዋል፤ አንዱ ገብቶ እስኪመታ
ሠላሳ ዘጠኙ ተራ ይጠብቃል፣ እንደ ስኳር ሰልፈኛ፣ በዝምታ።
ጥይት ሲመጣበት አፉን ከፍቶ ይቀበላል፤
አላምጦ አላምጦ ሲያበቃ፣ «ጨው አንሷታል» ይላል።
በሞተር ብስክሌት ባቡር ዘሎ ማዶ ሲያርፍ
ሸሚዙ እንደተተኮሰ ነው፣ አንዲት ፀጉሩ ሳትዛነፍ።

መምህር ታኑማላያን ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤
ከሰኞ እስከ ዓርብ ለልጆቻችን የስበትን ሕግ የሚያስጠናው።
ቅዳሜ ያው ሕግ ሲሻር፣ ሰውዬው እንደ አሞራ ሲበር፣
ከሁላችን ቀድሞ ይነሣል፣ በፉጨት ጣሪያ ሊሰብር።

ደሞ ሽማግሌው ኤሳኪሙቱ፣ ሠላሳ ዓመት ባሩድ ያሸ፣
ሁለት ጣቱን የከፈለ፣ ቅንድቡ ተቃጥሎ የሸሸ፣
መጋዘኑ ሲፈነዳ ሆዱን ይዞ ይንከተከታል፦
«ቤንዚን ነው ይሄ! ባሩድ የት አባቱ እንዲህ ቀይ ይነዳል?
ባሩድ ሲነሣ ነጭ ነው፤ ከድምፁ ፊት ጆሮ ይወስዳል!»
ብሎ፣ በተረፉት ጣቶች ያፏጫል፤ ደግሞ ይችልበታል።

አንድ ቀን ከቼናይ የመጣ፣ ሻንጣ ያንጠለጠለ፣
«ይህ ሁሉ ሕዝብ ለዚህ ውሸት ይከፍላል?» አለ።
ውሸቱንማ እናውቃለን፣ ጌታዬ፤ እውነቱን አይደል ወይ
በኪሎ ስንመዝን የምንውል፣ እስክትጠልቅ ፀሐይ?

ፔቺያማል ብቻዋን ትመጣለች፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ ጥግ ላይ፤
ጂፑ ቢበር፣ ባቡሩ ቢዘለል፣ ፊቷ አንድ ነው ስንቴም ባይ።
የምትጠብቀው መጋዘኑን ነው።
አሥራ አንድ ሰው ታግቶበታል፤ ጀግናውም አብሮ ገብቷል፤
እሳቱ ሰማይ ሲነካ የኛም ጣሪያ ይበራል።
ከዚያ እሱ ከጭሱ ይወጣል፣ ፍየል በትከሻው አዝሎ፤
አያይም ወደ ኋላው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ብሎ።
ሰዎቹ ይከተሉታል፣ ፀጉራቸው ቆሞ፣ እያሳሉ፤
ፔቺያማል በከንፈሯ ትቆጥራለች፤ አሥራ አንዱም አሉ።

ከሼድ ቁጥር ሰባትም፣ በዚያ ሚያዝያ፣ የገቡት አሥራ አንድ ነበሩ።
ባሏ አንዱ ነው።
እሱን ተዉት። ዛሬ ስለ ፊልም ነው ነገሩ።

ታዲያ አንድ ማታ፣ እሳቱ ልክ ሰማይ እንደ ነካ፣
መብራት ድርግም!
ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ ጨለማውን ለካ።
ማንም አላፏጨ። አሥራ አንዱ እዚያ ውስጥ ናቸው፤
ጀግናውም፣ ፍየሏም፤ ገና ማንም አላወጣቸው።
ፔቺያማል ዘወር አለች። በባትሪዬ ብርሃን አየችኝ።
ምንም አላለችም። ብቻ አየችኝ።

ወደ ጄኔሬተሩ ሮጥኩ፤ ገመዱን ስቤ ስቤ ደከምኩ፤
ለመንኩት፤ እናቱን ሰደብኩ፤
በመጨረሻ የሌለኝን ጢም ጠመዘዝኩ፣
ሁለት እርምጃ አፈገፈግኩና፣ በነጠላ ጫማዬ ረገጥኩ።

ተነሣ!
ጂፑ እንኳ እንዲህ አልተነሣ።
ከውስጥ ሁለት መቶ ጉሮሮ ባንድ ጊዜ ሲያገሣ
በበሩ ቀዳዳ አየሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ከጭሱ ሲወጡ፣
አሥር፣ አሥራ አንድ፣ ፍየሏ፤ ሁሉም በሰላም መጡ።

እግሬ ግን ሳምንት አበጠ፤ አውራ ጣቴን ሰብሬው ኖሯል፣ ረስቼ ሳልሰማት፤
ነርሷ «ምን ሆንክ?» ብትለኝ፣
«ባቡር ስዘል» አልኳት።