የቀለበቱ ድምፅ

ያዝድ ላይ ፀሐይ አትነጥፍም፤ የጭቃውን ግንብ ታበስላለች፣
የሮማኑን ቅርፊት ትሰነጥቃለች፣ የድመቱን ጥላ ትልሳለች።
ዝናብ እዚህ ወሬ ነው፣ ደመና የእንግዳ ስም፤
እኔ ግን ምድር ቤት ነኝ፣ ጠዋት ይሁን ማታ አላውቅም፣
በብልቃጥ የተቀዳ የሴት ደም እያዞርኩ
ቁጥር እለቅማለሁ።

ዛሬ የጎልአንዳም ወጣ።
ቫይታሚን ዲ፣ ሰባት።
መሣሪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ሰባት።
በዚህች ከተማ፣ ድንጋይ እንኳ ፀሐይ ጠግቦ በሚያገሳባት፣
ሰባት።

አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሐር ትሸምናለች፣
መስኮቱ በተደፈነ ክፍል፣ ቀለሙ እንዳይለቅ፤
ሐሩ ከብርሃን ይጠበቃል፣
እሷም አብራው ትጠበቃለች።
በሐምሌ ሹራብ ትደርባለች። ጠጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል።
የባሏ እህት ሞኒር፣ «ስንፍና ነው» ትላለች፣
«ማልዳ ብትነሳ፣ አፏን ብትሰበስብ ይለቃት ነበር»፤
እሷም አመነች። ስንት ዓመት ሙሉ
ድካሟን እንደ ኃጢአት ደበቀች።

ታይሮይዷን አየሁት፦ አንጎሏ ትእዛዝ ይጮሃል፣ እጢዋ አንቀላፍታለች።
ከዚያ የጾም ስኳር። ከዚያ ኢንሱሊን።
በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ የሚሉት ተረት
ለካ በደም ይጻፋል።

በአሮጌው ሰፈር በር ሁሉ ሁለት ማንኳኪያ አለው፣
ለወንድ ከባድ ብረት፣ ለሴት ቀጭን ቀለበት፤
ከውስጥ ያለው በድምፁ ይለያል
ማን እንደቆመ ደጃፉ ላይ።
ኢንሱሊኗም እንዲያ ነው፤ ስኳር የተሸከመ ደጅ ጠኚ፣
ቀለበቷን ይዞ ያንኳኳል፣
ያንኳኳል፣
«ማነው?» የሚል የለም።
ሌላ ደጅ ጠኚ ይጨመራል፣ ሌላም፣
መንገዱ እስኪጣበብ፤
ስኳሩ ውጭ ያድራል።

ዶክተር ኪያንዶኽት መነጽሯን አወለቀች፤
«የቱ የቱን እንዳመጣው አላውቅም፤ መጻሕፍቱም ይከራከራሉ።
የፀሐይ እጦት ይሁን በሩን ያደነቆረው፣
ወይስ ሦስቱም አንድ ገበያ ላይ የተገናኙ መንገደኞች ናቸው።»
ለእጢዋ ኪኒን ጻፈች፣ ለአጥንቷ ጠብታ፣
«ደግሞ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ክንድሽንና እግርሽን ለፀሐይ።»

ጎልአንዳም ሳቀች።
«የት?
ጣሪያዬ ላይ? ከአጠገቡ ስድስት ፎቅ በቅሏል፣ መስኮቱ ሁሉ ዓይን ነው።
ግቢዬ? ፀሐይ የምትገባው እኩለ ቀን ነው፣ ያኔ እኔ ድሩ ላይ ነኝ።
ፀሐይ የምታየኝ፣ ሰው የማያየኝ ቦታ ካለ
እሱን በወረቀትሽ ጻፊልኝ።»

በሦስተኛው ወር ተመለሰች። አስራ ዘጠኝ።
ገና ነው። ስኳሩ በጥቂቱ ወርዷል። ጠጉሯ እንደነበረ ነው።
«ቦታውን አገኘሽው?» አልኳት።
«አንሶላ አጥባለሁ» አለች፣ «ንጹሑንም ጭምር።
አራት ገመድ፣ አራት ግድግዳ፤ መሐሉ የእኔ።
ነፋስ ካልመጣ።»

ከኋላዋ ሞኒር ቆማለች፣ ክንዷን በጥጥ ይዛ፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።
ስድስት።
ስንፍና ነው፣ አላልኳትም።
«ስንት አንሶላ አለሽ?» አልኳት።

ማታ ቤቴ ደረስኩ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።
ክንዴን በጎዳናው መብራት አየሁት፣ እንደ ሰም የነጣ፣
የራሴን ደም ለክቼ አላውቅም።
ቀለበቱን አንስቼ አንኳኳሁ፣
ቤቱ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ፣
እንዴት እንደሚሰማ
ልስማው ብዬ።