ጉርጥ ጣቢያ

የሙስ ጆ ነፋስ ማረፍ አያውቅም፤
ያን ሐሙስ ግን ቆመ፤ ሰበቡን አልጠይቅም።
ከአጥሬ ማዶ፣ ከድንቹ መደብ ጥግ፣
ኦሬስት ተንበርክኳል፣ ሐዲዱን ሊጠርግ።
ሠላሳ አራት ዓመት ባቡር ሲነዳ የኖረ፣
መቶ ፉርጎ ስንዴ እየጎተተ ያደረ፣
ዛሬ ከክንዱ በማትረዝም ባቡር
ሽንኩርቱን ይዞራል፣ ዙሩን ሲቆጥር።

ዱሮ ኮረንቲው ከሐዲዱ ነበር የሚመጣ፤
ነሐሱ እየጠቆረ፣ ጤዛው እየጠጣ፣
ቀንድ አውጣ ቢሻገር፣ አንዲት ቅጠል ብትወድቅ
ባቡሯ ቀጥ ትላለች፤ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ፣ ሲፍቅ፣
ቅዳሜው ያልቅ።

«ሚስቴ ዳርሊን» አለኝ፣ «አንድ ቀን ወረቀቱን ጥላ፣
'መንገደኛ እንኳ ስንቅ ይቋጥራል' አለች፣ ተቆጥታ፣ ስቃ ኋላ፤
'ያንተ ባቡር ግን በየስንዝሩ ለማኝ!
ወይ ስንቋን አሸክማት፣ ወይ እኔን አሰናብተኝ።'»

ከዚያ ወዲህ ባትሪው ከኋለኛው ፉርጎ፣ ከከሰሉ ሥር ተሸሸገ፤
(ከሰሉ ጥቁር የተቀባ ጠጠር ነው)
ሽቦው ተነቀለ፤ የሐዲዱ ጥቁረትም እንዳሻው አደገ።
ዳርሊን ይህን አየች። ሁለት በጋ።

እኔ ቀን ቀን እህል ጎተራው ሚዛን ላይ ነኝ፤
ቶን ገባ፣ ቶን ወጣ፣ ቁጥሩ ዓይኔን የሚያፈዘኝ።
ማታ አጥሩን ተደግፌ፣ እፍኝ የማይሞላ ጭነት፣
ሦስት የቼሪ ፍሬ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣
ሲያልፍ አያለሁ፤ ማንም አይጠይቀኝ ክብደት።

ያን ሐሙስ መቆጣጠሪያውን ለልጄ ለረድኤት ሰጣት።
ስድስት ዓመቷ ነው። «በዝግታ» አላት።
ባቡሯ የሩባርቡን ጥላ ሰንጥቃ፣
ድልድዩን አልፋ፣ ከዋሻው ገባች።
አልወጣችም።

«ባትሪው አለቀ» አልኩ እኔ፣ እንደሚያውቅ ሰው።
«ጠዋት ነው የሞላሁት» አለ፤ ቅር አለው።
ዋሻው የሸክላ ቱቦ ነው፣ አፈር የለበሰ፤
የሱ እጅ አፉ ላይ ቀረ፤ የኔም ከክርኑ ተመለሰ።
ረድኤት ደረቷን ጥላ፣ ጉንጯን ከጠጠሩ ነክታ፣
እስከ ትከሻዋ ገባች፤ ዝም አለች ላንድ አፍታ።
«እማዬ፣ የሆነ ነገር አለ።
ይተነፍሳል።»

ባትሪው አለቀ ያልኩት እኔ፣ ባትሪ አብርቼ አጎነበስኩ፤
ጉርጥ ነው። ሆዱን ሐዲዱ ላይ ዘርግቶ ሳየው ደነገጥኩ፤
እግሮቹን ከእንጨቶቹ መሐል አጣብቆ፣
እንደ ጣቢያ ሹም፣ ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ታጥቆ፣
ግንባሯን በግንባሩ አቁሟታል።
መንኮራኩሯ ባለበት ይዞራል፤ ስንቋ ሙሉ ነው፤
መቶ ግራም ቢሞላ ነው እሱ። ሚዛን ሥራዬ ነው።

«አጥፊያት» አላት። አጠፋች።

ከዚያ ኦሬስት፣ ጉልበቱን ሳያነሳ ካፈሩ፣
ማንንም ሳያይ አወራ፤ ቀስ አለ ከንፈሩ፤
«የስንዴ ባቡር ፍሬን ከያዝሽለት በኋላ
ሁለት ኪሎ ሜትር ይሄዳል።
ያየሽውን እያየሽው።
ጡሩምባ ትነፊያለሽ። ሌላ የምታደርጊው የለም።»
ምን እንዳየ አልነገረን። እኛም አልጠየቅንም።
«ይቺ ግን ቆመች» አለ።

ዋናው ባቡር ከከተማው ወዲያ ጮኸ፤
መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ የቼሪው ቅጠል ሾኸ።
ስንዴ ነው፣ ወይ ፖታሽ። ፉርጎ መቁጠር ጀመርኩ፤ ተውኩት።
ጉርጡ አንዴ ዓይኑን ጨፈነ፤ ገለጠ።
ሳናወጣት አደረች።

በማግስቱ ዋሻው ባዶ ነበር፤ ጉርጡ በሌሊት ሄዷል።
ረድኤት የሳንቃ ቁራጭ ላይ ስሙን ጽፋለታል፤
«ር»ን ገልብጣ። ኦሬስት እንደተገለበጠ ቸነከረው።
እና ቁልፉን ተጫነች፤
ባቡሯ ከቆመችበት ተነሳች፤
ስንቋ አላለቀም ነበር።