የሱፍ ቅጽል

ቢዬላ ላይ፣ ከአልፕስ ግርጌ፣ ቼርቮ ወንዝ በሚያጓራበት፣
ቴሬዝዮ ደብተር ዘርግቷል፣ ሾርባው በተበላበት።
ነገ ላቲን ይጠየቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያጠና ሥራ አለበት።

«ላኔውስ፣ ላኔያ፣ ላኔውም»፤ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለግዑዝ፤
«ከሱፍ የተሠራ» ማለት ነው። ኩራት የማያውቅ ቅጽል፣
ስሙን እያየ፣ ጫፉን እየቀየረ፣ ከኋላ ከኋላ የሚጓዝ።

እናቱ ኤርሜሊንዳ፣ የፋብሪካው ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ተከምሮ፣
የተበጠሰ ድር ታስሳለች በጣቷ፤ ዐይኗ ደክሟል ዘንድሮ።

እርባታ ይላል የእኛ ሰው፤ ለበጉም ለቃሉም አንድ ነው።
ዘርፍ ይላል ለልብስ ጫፍ፤
ዘርፍ ይላል ደግሞ «የማን?» ተብሎ ለሚጠየቀው።
የማን?
ሱፉ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤት የሌለው ዐረፍተ ነገር የለም፤
ግድፈቱ የኤርሜሊንዳ ነው፤
እሷ ለክረምት የሚሆን አንዲት የሱፍ ካፖርት የላትም።

በማግስቱ ዶን ኤውዜቢዮ፣ ካባው ላይ ጠመኔ ተደፍቶ፣
«ቅጽሉን ከስም ጋር አጋቡ» አለ፣ ጣቱን ዘርግቶ።
አንዱ ቆብ አለ፣ የሱፍ ቆብ፤ ሌላው የሱፍ ካባ፤
የጠበቃው ልጅ ቶጋ ብሎ፣ አንስታዩን አሳምሮ አገባ።

ቴሬዝዮ ተነሣ። ብዙም አላሰበ።
«ማቴር ላኔያ።»
የሱፍ እናት።

ክፍሉ ተናጋ በሳቅ፤ የልጁ ጆሮ እንደ ፍም ቀላ።
ምን ያውቃሉ? ማታ በበር ስትገባ አላዩአት፣
ብናኙ ቅንድቧን አልብሶ፣ ሽፋሽፍቷን ሞልቶ ሲያጠላ።
ስትስል አልሰሟት፣
ደረቷ ውስጥ ሱፍ ሲፈተል።

ዶን ኤውዜቢዮ አልሳቀም። ጠመኔውን በመዳፉ አንከባለለ።
«ጾታው ልክ፣ ቁጥሩ ልክ፣
ሙያውም ልክ» አለ።
ከዚያ መስኮት ከፍቶ ቆመ፤ በዚያ ብርድ።

ልጁ ግን ሰርዞታል። እቤት ሳይደርስ፣ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብሎ፣
ቀለሙን በሰንጢ ፍቆ ፍቆ፤
ወረቀቱ ብርሃን እስኪያሳልፍ።

ማታ ኤርሜሊንዳ ደብተሩን አነሣች፤ ጠረጴዛውን ልትወለውል።
ከስሟ በቀር ማንበብ አትችል፤
ገጹን እንደ ጨርቅ ዳበሰችው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብላ።
ጣቷ አንድ ቦታ ቆመ።

«እዚህ ጋ ሳስቷል» አለች፤
መርፌዋን ከደረቷ ነቀለች።