ቴምብሩ የተቆረጠ ካርድ

አሥራ አንድ ፖስታ ካርድ አለኝ፣ ሁሉም አንድ ሸለቆ፣
የአቃቂ ወንዝ ነው፣ ከድልድዩ በታች ዘልቆ።
ሰባቱን ከመርካቶ፣ በኪሎ ሲቸረቸር፣
ከአሮጌ ጋዜጣ ክምር መሐል ለቅሜ ነበር።
አንዱን ከአቶ ስንሻው፣ ከፖስታ ቤት ጡረተኛ፣
ብሩን ሦስቴ ሲቆጥር ድምፁ የሐዘንተኛ።
የቀሩትን አልናገርም፤ ሰብሳቢ ገሚሱ ሌባ ነው።

ከሁሉ የምወደው ቀለሙ በእጅ የተቀባ፣
ሣሩ ከሣር ይለመልማል፣ ውሃው የሰማይ ካባ።
ከጀርባው አንድ መስመር፦ «ደርሰናል፤ ዝናብ አለ።»
ስሙን እርጥበት በልቶት «ለ» ብቻ ተንጠለጠለ።
ቴምብሩን ሌላ ሰብሳቢ በምላጭ ቆርጦ ወስዶታል፣
ለጉንዳን መስኮት የምትሆን ቀዳዳ ትቶልኛል።

ቅዳሜ ይዤው ወረድኩ። ካሜራው የቆመበት
ቦታ ዛሬ ጓሮ ነው፣ የወይዘሮ ድንቂቱ ቤት፤
ጎመን በቀለም ባልዲ፣ የተሰጣ የጆንያ ክምር፣
ከታች ወንዙ ይሄዳል፣ የቆዳ ፋብሪካ ሽታ፣ ጥቁር።

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ካርዱን ወደ ፀሐይ ያዘች፤
«ወንዝ ሲያምር! የት አገር ነው? ውጭ ነው መቼስ» አለች።
«ውጭ ነው» አልኩ።
ጆሮዬ ጋለ።

«ከጓሮሽ ሥር ነው» ብላት ስድብ የሚሆን መሰለኝ፤
ወይስ «ለእኔ ይሁን» እንዳትል ነው? ስስቱም አለብኝ።

ድልድዩ ላይ ቆሜ ካርዱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፣
በቴምብሩ ቀዳዳ በኩል ያንኑ ውሃ አየሁት።
አንዲት ሽመላ ቆማለች፣ እግሯ እስከ ጉልበት ጠቁሮ፣
ዓሣ ትጠብቃለች፤
ማን ይንገራት ዘንድሮ።