ሦስት ክር

ፓስፖርቴ ላይ ያለውን ስም ደላላ ነው ያወጣው፣
ደብረ ብርሃን ሻይ ቤት ውስጥ በስምንት መቶ ብር ያመጣው፤
«ዘይነባ» ይላል። እናቴ ያለችኝ ያምሮት ነው።
እዚህ ቤት «ያ ቢንት» ነኝ፤ እሱንም ሲቸኩሉ ይተዉት ነው።

«ማተብሽን ፍቺው» አለኝ ደላላው፣ ቦሌ በር ላይ፣
«ክርስቲያን መሆንሽን ሰው እንዳያይ።»
ፈታሁት። ሲፈታ አንገቴ በረደኝ፣
እንደተሸለተ በግ ነፋስ ገባብኝ።

ፋሃሂል፣ አምስተኛ ፎቅ። ምሥራቅን የማውቀው በልብስ ማጠቢያው ነው፣
ጀንበር ከበስተኋላው ብቅ ስትል ሳየው።
እሱ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲጮህ፣ ሲያጉተመትም፣
እኔም በጩኸቱ ተሸፍኜ ውዳሴ ማርያም፤
የሰኞውን በሐሙስ፣ የሐሙሱን በቅዳም።

ስልኬን ከወሰዱት ወዲህ ቀን ተምታታብኝ፣
ፍልሰታ ገባ ወይ ብዬ የምጠይቀው የለኝ።
ለነሱ ሥጋ እየጠበስኩ በደረቅ ዳቦ አድራለሁ፤
ምናልባት ፋሲካን ጾሜዋለሁ።
እሱ ያውቃል።
የደንቆሮ ጾም ከመዝገቡ የት ይጣላል?

የአራት ወር ደሞዜ «ቡክራ» ነው፤ ነገ ማለታቸው፣
ክረምትና በጋ የማይበቃው ነገ አላቸው።

በሐምሌ አንድ ማታ የጌትዮው ነጭ ልብስ በካውያ ተቃጠለ፣
ጣት የምታህል ቢጫ ጠባሳ እደረቱ ላይ ተተከለ።
እሜቴ ምንም አላለች። በረንዳ አስወጥታ ቆለፈችብኝ።
አየሩ የዳቦ ምድጃ አፍ ነው፤ ጎረሰኝ።

ልጸልይ ብል «አቡነ ዘበሰማያት» ጠፋብኝ፣
ከ«ይትቀደስ ስምከ» ወዲያ ያለው ሁሉ ራቀኝ።
ቁልቁል አየሁ። አምስት ፎቅ። የመኪና ጣራ።
ብዙ አየሁ።
ቀና ስል፣ ማዶ፣ የነዳጅ ማጣሪያው እሳት ከማማው ጫፍ ይነዳል፤
ለማንም ያልተሳለ ጧፍ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል።

ከገመዱ ላይ የእሜቴ ጥቁር አባያ ተሰጥቷል።
እጄ ለምን ጫፉን እንደፈለገ ዛሬም አላውቅም፤
አንድ ክር መዘዘ። «በስመ አብ።»
ሁለተኛ። «ወወልድ።»
ሦስተኛው እምቢ አለ፤ በጥርሴ በጠስኩት፣
«ወመንፈስ ቅዱስ» ስል አቧራውን ቀመስኩት።
ገመድኩት። አንገቴ ላይ ያስታውቃል፤
ከክርኔ በላይ አሰርኩት፣ እጅጌ ሥር። እግዜር እዚያም ይደርሳል።
«አሐዱ አምላክ» ስል የቀረው ጸሎት መጣ፣
ተዘግቶ እንደከረመ ቧንቧ፤ መጀመሪያ አየር ብቻ፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ ወጣ።

ሲነጋ በሩ ተከፈተ። ሥራ አይጠብቅም፤
የእሜቴ እናት፣ ሐጅያ ሙዲ፣ ያለ ሰው ካልጋ አትወርድም።
ለሶላቷ እግሯን አጥባለሁ፣ በየጣቷ መሀል፤
እጅጌዬን ስሰበስብ ጥቁሩ ክር ይታያል።
አየችው። የልጇን ጨርቅ አታጣውም።
በሩን ገልመጥ አደረገች። ምንም አልተናገረችም።
በሚንቀጠቀጥ እጇ እጅጌዬን ወደ ታች ሳበችው፣
ክሩ ያለበትን ቦታ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

ደሞዙ ዛሬም ቡክራ ነው። ጠባሳው አልለቀቀም።
ሐጅያም ከዚያ ወዲያ ስለሱ ትንፍሽ አላለችም።

አራተኛ ስም አለኝ፤ በሰማንያ ቀኔ ከውሃ ሥር የሰማሁት፣
ለደላላ ያልሰጠሁት፣
እዚህም የማልጽፈው።
ጠዋት ማጠቢያው መንቀጥቀጥ ሲጀምር
«ተዘከራ ለአመትከ» ብዬ እሱን እጨምርበታለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤
ከዚያ የሸሚዙን አንገት ዘርግቼ
የካውያውን ግለት በራሰ ጣቴ እሞክራለሁ።