ከአልጋ ቁጥር ሠላሳ ሁለት

አናክሌቶ ዋንካ፣ የአልጋ ጎረቤቴ፣
ስድሳ አንድ ዓመት ሞላኝ፣ ምስክር ጉልበቴ።
አንተ ግን ያው ሃያ አንድ፣ ያው ራስህ የተላጨ፣
ካልሲህ ተረከዝ የለው፣ አፍንጫህ በእንቅልፍህ እያፏጨ።

ቲኪና ላይ ነበር፣ በሐይቁ ቀጭን አንገት፣
ደመና ከጫማ በታች በሚያልፍበት፤
ባሕሯን በጦር የተነጠቀች አገር፣
መቶ ዓመት ሙሉ ደጅ ስትጠና ለባሕር፣
እኛን ባሕረኛ ብላ፣ ነጭ አልብሳን፣
በሐይቅ ላይ ለውቅያኖስ አሠለጠነችን።
ማዕበል በጥቁር ሰሌዳ አጠናን፣ በጠመኔ፤
የባሕር ጨው አልቀመስን፣ አንተም ሆንክ እኔ።
በየመጋቢቱ የባሕሩ ቀን ሲከበር፣
ለማናውቀው ጠረፍ ሰላምታ ስንሰጥ፣ በሰልፍ ስንደረደር፣
በአፍህ ጥግ፦ «ዓሦቹ ይሰሙን ይሆን?» ስትለኝ፣ ሳቄ አምልጦኝ፣
ስንቱን ጆንያ ድንች አስላጠኝ።

እጅህ ግን፣ ወንድሜ፣ እጅህ ተአምር ነበር፤
ገመድ አንተ ጣት ላይ ቋንቋ ይናገር።
መምህሩ ሃያ ቋጠሮ ቢያስተምር፣ አንተ ሃያ አንደኛውን ፈጥረህ፣
ቀይ ሲባጎ ላይ፣ ስም እንኳ ሳታወጣላት፣ አጥብቀህ፣
«ያዛት» አልከኝ፤ «ባሕሩን ያየን ቀን እፈታታለሁ።
በጥርስ አትንካት፣ በቢላም፤ እረግምሃለሁ።»

ስድስት ወር ቆይቶ እረፍት ስትወጣ፣
እኔ ነኝ ያልኩህ፦ «ያለ ብርቱካን እንዳትመጣ።»
ቀልዴን ነበር።
ዛሬም ሰው ሳይጠይቀኝ እላለሁ፦ ቀልዴን ነበር።

ዩንጋስ፣ አጎትህ ቤት፣ ፍሬው እስኪለቀም አንድ ቀን አድረህ፣
የጠዋቱ መኪና አመለጠህ።
የማታውን ያዝክ። ጭጋግ። ያን መንገድ ለማያውቅ አልተርክም፤
ሾፌሩ አላየም ተባለ። ገደል አይጠየቅም።
ሲያወጡህ ጆንያው እንደታሰረ ነበር፤
አርባ ሦስት ብርቱካን ቆጠርኩ። ሌላ ምን ልቆጥር?

እናትህ፣ ዶኛ ባሲሊያ፣ በአይማራ ጠየቀችኝ፤
ካስተማርከኝ ሦስት ቃል አንዱ ነበረበትና ገባኝ፦
ብርድ። «ይበርደው ነበር?» «የለም» ብዬ ዋሸሁ፣
ካልሲህን አስቤ የገዛ እግሬን እያየሁ።
የታጠፈ ባንዲራ ሰጧት፤ ተቀብላ
ከስንቅ ድንቿ ጋር አሰረችው፣ ጀርባዋ ላይ አዝላ።
ቄሱ ፍታት ሲያደርሱ፣ ከጸሎቱ ምን ሰማሁ?
«ፈታሁህ» ሲሉ ብቻ፣ ኪሴ ውስጥ ሲባጎዋን እየነካሁ፦
አባ፣ እርስዎ ፈቱት፤ እኔ አልፈታሁትም፤
እኔ ጋ የቀረው ቋጠሮ በጸበል አይላላም።

ሁለት ቀን ያን ፍሬ ማንም አልነካ። በሦስተኛው ራበን፤
በላነው። ይጣፍጥ ነበር። ይቅር በለን።

በሳምንቱ፣ በማታ ጥሪ፣ አሥር አለቃው ተሳስቶ
«ዋንካ!» ብሎ ጠራ። ከሰልፉ ዝምታ ወጥቶ፣
የኔ ድምፅ፦ «አለ!»
ቀና ብሎ አየኝ። አልቀጣኝም። ምልክት አድርጎ ቀጠለ።

ባለፈው ጥር፣ በጡረታዬ፣ በአውቶቡስ ወረድኩ አሪካ፣
የባዕድ ማህተም ፓስፖርቴን ሲነካ።
ባሕሩ... ምን ልበልህ? ትልቅ ነው። ይጮኻል። ይሸታል።
ጨው ነው፣ እውነታቸውን ነው፤ ከንፈር ይቆጠቁጣል።
ሱሪዬን ጠቅልዬ ቆምኩ፣ ሲባጎዋ መዳፌ ላይ፣
ቅላቷ ለቆ፣ የደረቀ ሥር መስላ ስትታይ።
ገፋሁ፣ ሳብኩ፣ ጫፏን ፈለግኩ፤ ጣቴ ታዞልኝ አያውቅም ካንተ ወዲህ፤
አንድ የአጥማጅ ልጅ ሲያየኝ ቆይቶ መጣ ወዲህ፤
ቢላ ዘረጋልኝ፦ «ልቁረጣት፣ አባባ?»
«የለም፤ አደራ ናት» አልኩት፣ ውሃው ጫማዬ ውስጥ ሲገባ።

እፈታታለሁ ያልክ አንተ፣ መምጣቱ አቃተህ፤
እኔም አርባ ዓመት ኪሴ ውስጥ ከማቆየት በቀር ምን ላድርግልህ?
ማታ፣ እርጥብ እንደሆነች፣ ጠረጴዛዬ ላይ አኖርኳት፤
ያንተን መፍታት ቢያቅተኝ፣ ይህቺን ስንኝ ከጎኗ ቋጠርኳት።